ቁልፍ

ዱሉዝ ላይ ማክሰኞ፤ ከምስጋናው በዓል አምስተኛው ቀን ላይ፣
ተርኪው አጥንት ቀርቶ፣ ሾርባው ድስት ሞልቶ፣ በደመና ሰማይ፣
የብረት ድንጋይ የጫነ መርከብ ጡሩንባውን ነፍቶ
በድልድዩ ሥር አለፈ፤ ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ አውጥቶ።

የሶልቬይ ስልክ ከንጋት ጀምሮ ይንጫጫል፤
"ዛሬ የመስጠት ቀን ነው፤ የእርስዎ እጅ ይፈለጋል!"
የድመቶች መጠለያ፣ የዓይነ ስውራን ማኅበር፣
ጣሪያው የሚያፈስ ሙዚየም፣ የልጆች መዘምር።
"የሚሰጡት ዶላር እጥፍ ይሆናል፣ እስከ እኩለ ሌሊት፤"
ከሥሩ አራት ቁልፍ፦ አሥር፣ ሃያ አምስት፣ መቶ፣ "ሌላ" የምትል አንዲት።

ጣቷን ከ"ሌላ" በላይ ጥቂት አንዣበበች፣
የማሞቂያውን ሂሳብ ፍሪጁ ላይ አየች፣
ጣቷን መልሳ አጠፈች።

ተነሣች። ቁም ሣጥን ከፈተች። ካፖርቱ አለ እዚያው፣
ከመጋቢት ወዲህ ማንም ያልነካው፤
የሃልቮር ካፖርት፣ ሰማያዊ ሱፍ፣ እንደ በር የከበደ፣
ከወደብ እስከ ኮረብታው አርባ ክረምት አብሮት የወጣ የወረደ፣
ከላይ ሁለተኛው ቁልፉ የተበጠሰ፣
"ነገ እሰፋዋለሁ" ስትለው፣ ነገው ያልደረሰ።

መርፌ ፈለገች። ከራሷ ሹራብ ቡናማ ቁልፍ ቀንሳ
ሰፋችለት፤ አጠበቀችው፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ።
አቀፈችው ጥቂት። (ይህን ማንም አላየ፤ እኔም አላልኩም።)
ካፖርት ሲያቅፉት መልሶ አያቅፍም።

በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ጓንትና የታሸገ ባቄላ መሐል፣
"ስምዎ?" አለች መዝጋቢዋ። "ስሜ ምን ያደርግልሻል?"
"እንዲሁ ነው፤ ለማስታወሻ ፎቶም እናነሣለን።"
"እሱን አንሺው" አለቻት፤ "እኔና እሱ ከዚህ እንለያያለን።"

ማታ፣ የስልኩ ጩኸት ሲያልቅ፣ እጥፍ የሚሆንበት ሰዓት ሲያልፍ፣
አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ብድግ አደረጋት ከእንቅልፍ፦
ከውስጥ በኩል፣ በግራ ኪስ፣ የቤቱ ሁለተኛ ቁልፍ።
አድራሻውም አለበት፤ ሃልቮር መንገድ መርሳት ሲጀምረው
በምስማር ጭሮ የጻፈው።

ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራ አይወቅ ይላል ቃሉ፤
ግራ ኪስ ሲሰጥ ግን ሁለቱም አላወቁ፤ ምን ይባሉ?

ያን ሌሊት ወንበር ከበሩ ጀርባ አስጠጋች፤
የሰጠችውን ሳይሆን የተቀበላትን ፈራች፤
ለጋስ ሆና ውላ፣ ሲመሽ ዘበኛ ሆነች።

ረቡዕ። ሐሙስ። አርብ ማታ በረዶው ሲወርድ
ደረጃው ላይ እርምጃ ሰማች፣ ከባድ፤
ሃልቮር ሲረግጠው የሚያለቅሰው ያ ሳንቃ
ጮኸ፤ ዝም አለ። ከዚያ፦ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

በመስኮት አየች፤ ካፖርቱ ቆሟል በራፏ ላይ፣
ከአንገቱ ሥር ቡናማዋ ቁልፍ፣ ከሩቅ የምትታይ፤
ከላዩ ግን የሌላ ሰው ፊት፤ ወጣት፣ ከንፈሩ የደነዘዘ፣
ቁልፏን በሁለት ጣቱ፣ እንደሚያቃጥል ነገር፣ ራቅ አድርጎ የያዘ።
እጁ ላይ ቁልፍ፣ ቁልፉ ላይ አድራሻ፣ መንገዱ ጨለማ፤
ቁልፍ ይዞ የሚያንኳኳ ሰው ማን አይቶ፣ ማን ሰማ?

"ሌላንድ እባላለሁ" አለ ከበሩ ማዶ፤ "ኪሱ ውስጥ ይህን አገኘሁ።
ማክሰኞ ነው ያገኘሁት። አልዋሽዎም፤ ሦስት ቀን አሰብኩበት። መጣሁ።"

ወንበሩን ገፋች፤ ወለሉን ፋቀው። ሰምቷል፤ ገብቶታልም፤
ሁለቱም ስለዚያ ድምፅ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ከማቀዝቀዣ ያወጣችውን ሾርባ አሞቀች። ካፖርቱን ሳያወልቅ በላ፤
ስለ ሃልቮር አልጠየቃት፤ እሷም የት እንደሚያድር አልጠየቀችም፣ ፈርታ መልሱን፣ ወይ አፍራ፣ ብቻ ዝም ብላ።
"ይህ አንዱ ቁልፍ ለምን ቡናማ ሆነ?" አላት፣ ጣቱን ጫን አድርጎበት።
"እሱ 'ሌላ' የሚባለው ነው" አለችው፤ አልገባውም፤ አላብራራችለት።

ሲሄድ የቤቱ ቁልፍ ቀረ ጠረጴዛው ላይ፣ ከማንኪያው ጎን።
በሩን ቆለፈች፤ (ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ሞኝ አትሁን፤)
ወንበሩ ግን፣ ሦስት ሌሊት ከበሩ ጀርባ ዘብ ቆሞ የነበረ፣
ከጠረጴዛው ዘወር እንዳለ፣ ሾርባ ሾርባ እየሸተተ አደረ።